የካፒቴን ድንጋይ ዋስ

ወንድሜ የባሕር ወንበዴ ነው። ከዚህ ልጀምር፤ አለበለዚያ የዚያን እሑድ ነገር ማንም አይገባውም። እኔም ራሴ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም።

አትደንግጡ፣ በእውን አይደለም። በእውኑ ዓለም ሠረቀብርሃን ከፈለኝ ፍስሐ ገነት ውስጥ ከጓደኛው ከሙስአብ ጋር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ዝንብ እሽ የማይል ልጅ ነው። ወንበዴ የሚሆነው ጌም ውስጥ ነው። ጌሙ «ሰባቱ ደሴቶች» ይባላል፤ አንድ ሰው መርጣችሁ፣ ስም አውጥታችሁ፣ እሱን ሆናችሁ በኢንተርኔት ከሌሎች ሰዎች ጋር የምትኖሩበት ነው። ነጋዴ መሆን ይቻላል፣ ዓሣ አጥማጅ መሆን ይቻላል፣ ሐኪም መሆን ይቻላል። እኔ ነጋዴ ሆንኩ፤ ለፍቼ መርከብ ገዛሁ። ሠረቀ ደግሞ ከዓለም ሥራ ሁሉ መርጦ የወንበዴ አለቃ ሆነ። ስሙን «ካፒቴን ድንጋይ» አለ። ባንዲራው ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ድንጋይ አለበት። እኔ የመድፍ ጥይት መስሎኝ ነበር።

ቡድኑ ጌሙን በሚጫወተው ሰው ሁሉ ዘንድ በክፋቱ የታወቀ ነው። ሙስአብ አንድ ዓይና ወንበዴ ሆኗል፤ ሀዊ የምትባል የይርጋጨፌ ልጅ ደግሞ መርዝ ትቀምማለች። ደሴት ያቃጥላሉ፣ የዓሣ አጥማጅ መረብ ይቆርጣሉ፣ ሙሽራ የጫነ ጀልባ ሳይቀር ይዘርፋሉ። የእኔንማ ተዉት! ቅመም ጭኜ ከወደብ ስወጣ ከጉም ውስጥ ብቅ ይሉና ዕቃዬን ጠራርገው፣ መርከቤን በስተው ይሄዳሉ። ከዚያ ሠረቀ «እህት ዓለም፣ ዋና ተማሪ» ብሎ ይጽፍልኛል። ድፍት ያርግህ፣ እለዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኛል። ወንድሜን እንደ ልቤ የማገኘው እዚያ ብቻ ነዋ።

ምክንያቱም ሠረቀ ቤታችን አይመጣም። እኔ ሐዋሳ ስማር ከአባዬ ጋር ተጣሉ፤ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። በምን እንደተጣሉ የነገረኝ የለም። አባዬን ስጠይቅ «ተይኝ እስቲ» ይላል። ሠረቀን ስጠይቅ «እሱን ጠይቂው» ይላል። ጎረቤት ስጠይቅ ስለ ዝናቡ ያወራልኛል። እማዬ ብትኖር ታወጣጣቸው ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ በፊት ነው ያረፈችው። ደግሞ ፍስሐ ገነት ሩቅ ቢሆን ምን ነበረበት! ጠዋት ከዲላ በሚኒባስ የሄደ ሰው ከሰዓት ይመለሳል። አባትና ልጅ ግን በዓል በመጣ ቁጥር እኔን መሐል አስቀምጠው «ደህና ነው?»፣ «ደህና ነው» ሲባባሉ ዓመታት አለፉ። አባዬ ደግሞ እያረጀ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ መያዝ ጀምሯል። እንደተኳረፉ አንዱ ቢሞትስ እያልኩ ውስጤ ይቃጠላል።

የበለጠ የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? አባዬ አስታራቂ ነው! ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በሽማግሌነቱ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ አጥር የተገፋፉ ጎረቤቶች፣ በአንድ ጭነት የተካካዱ የቡና ነጋዴዎች፣ ሁሉም «ጋሽ ከፈለኝን ጥሩልን» ነው የሚሉት። የሰውን ቤት ሲያስታርቅ ውሎ ይመጣና እራቱን ብቻውን ይበላል።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የግቢያችን የቆርቆሮ በር በነፋስ እንዳይንጓጓ የምናስደግፍበት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። አንድ ቀን መቀርቀሪያ ላስገጥም ብዬ ድንጋዩን ወዲያ ላንከባልለው ስል አባዬ ከቤት ውስጥ «እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸብኝ። ለድንጋይ! ዓይኑ ሁሉ ቀልቶ ነበር። ምን ነክቶት ነው ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ዘንድሮ ክረምት ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። ዝናቡ ሰውን ቤት ከቶት ሰነበተ፤ አባዬም መውጫ ሲያጣ ወንበሩን ስቦ ከላፕቶፑ አጠገብ መቀመጥ አመጣ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ባሕር አስተምሯል፤ በዓይኑ ያየው ትልቅ ውኃ ግን የሐዋሳ ሐይቅ ነው።

«ይሄ የትኛው ውቅያኖስ ነው?» አለኝ።

«የትም አይደለም አባዬ፤ የፈጠሩት ነው።»

«ውቅያኖስ ይፈጠራል እንዴ? ነፋሱስ ከየት ነው የሚነሣው?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ?»

ተነሥቶ የድሮ አትላሱን አመጣ። ገጹን ሲገልጥ፣ ስክሪኑን ሲያይ፣ እንደገና ሲገልጥ ቆየና «ይህች ደሴት ካርታ ላይ የለችም» ብሎ ተቆጣ፤ ልክ እኔ የሰረቅኳት ይመስል። በዚያው መርከቤ ከወደብ ወጣች፣ ጉሙ መጣ፣ ባለ ድንጋዩ ባንዲራ ታየ። አባዬ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ባንዲራውን ለረጅም ጊዜ አየው። እኔ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሳዞር ሙስአብ ዘሎ መርከቤ ላይ ወጣ፤ ሀዊ ቀዛፊዎቼን አስተኛቻቸው፤ ዕቃዬ ተወሰደ። ከሥር «እህት ዓለም፣ ዛሬም አልተማርሽም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ምን አድርገሻቸው ነው?» አለ አባዬ።

«እኔ? ምንም!»

«እነዚህ ሰዎች ናቸው ወይስ ማሽን?»

ማሽን ናቸው ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ቀድሞኝ «ሰዎች ናቸው» አልኩ።

«አማርኛም ይችላሉ። እንግዲያው ጥሪያቸው፤ አስታርቃችኋለሁ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁን። አለቃቸው ራሱ ይምጣ፤ ተወካይ አልቀበልም» ብሎ አትላሱን አጥፎ ገባ።

ጉድ ፈላ! ወጥቼ ለሠረቀ ደወልኩ። «አባዬ አንተን ከእኔ ጋር ሊያስታርቅ ነው፤ ማን እንደሆንክ አያውቅም» ስለው ከት ብሎ ሳቀ። 

«እመጣለሁ» አለ ሳቁን ሲጨርስ። «ግን እንደ ካፒቴን ነው የምመጣው። ሠረቀ ነው ብትዪው ሁለተኛ አታገኚኝም።»

አሁን እኔ ምን ላድርግ? ለአባቴ ብነግረው ወንድሜን አጣለሁ። ባልነግረው አባቴን በገዛ ልጁ ፊት ማሞኘት ነው። ሁለቱንም እያታለልኩ ያለሁ መሰለኝ፤ ግን በምን እንደማታልላቸው እንኳን በደንብ አላውቅም። እስከ እሑድ በምሠራበት ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ፊት ሳስተካክል አንዷን ደንበኛ ቅንድብ አልባ አድርጌ አተምኳት።

እሑድ ደረሰ። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ነጠላውን በላዩ ጥሎ፣ በእውን ሽምግልና እንደሚቀመጥ ሰው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። እኔ እጽፋለሁ፣ የመጣውንም ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

«ዛፍ ሥር ይሁን» አለ።

አንዲት ደሴት ላይ ከዘንባባ በቀር ዛፍ አልተገኘም። «ጥላ የለውም፤ ግን ይሁን» አለ ቅር እያለው። ወንበዴዎቹ ከመርከባቸው ወርደው በአሸዋው ላይ መጡ። ካፒቴን ድንጋይ ተቀመጠ፤ ሀዊ ተቀመጠች፤ ሙስአብ ግን ቆሞ መደነስ ጀመረ።

«አንድ ዓይናው ለምን ይደንሳል?»

«ቁልፍ ተሳስቶ ነው አባዬ።»

«ሽምግልና ላይ አይደነስም በይው።»

ጻፍኩ። ሙስአብ «ይቅርታ አባቴ» ብሎ ጽፎ ትንሽ ደነሰና ተቀመጠ። እኔ ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ነከስኩ።

የአባዬ ሥርዓት አይለወጥም። ጉዳዩን ከመስማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ማለት ከፍርዱ እንዳይወጣ በስሙ የሚቆምለት ሰው ነው። ያለ ዋስ አንዲት ቃል አይሰማም። እኔ ጎረቤታችንን እትዬ ውዳሴን ጠራሁ። ከዚያ ካፒቴኑ ተጠየቀ።

ጠበቅን። ጽሑፉ መጣ፤ አነበብኩት።

«ዋስ የለኝም። ሊቆምልኝ የሚገባው ሰው አልቆመልኝም።»

«ማን ነው እሱ በይው።»

«አባቴ።»

ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ደረቁ። ወደ አባዬ ለመዞር ፈራሁ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ። «ዳኛም ዋስም ሆኜ አላውቅም፤ ሥርዓቱም አይደለም። ግን ጻፊ፤ ዋሱ እኔ ነኝ።»

ጻፍኩለት። ከዚያ ክሴን አሰማሁ፤ ያለ ጥፋቴ መርከቤን በሳ፣ ዕቃዬን ዘረፈ፣ ሳይበቃው አላገጠብኝ። አባዬ «መልስ ይስጥ» አለ። የሠረቀ ጽሑፍ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣ። እኔም እንደዚያው ቁርጥ ቁርጥ እያደረግኩ አነበብኩ።

«ዘርፌያታለሁ፣ አልክድም። ግን ወንበዴ ሆኜ አልተወለድኩም። የጎረቤት ጀልባ ገደል ገባች። የነዳት ሌላ ልጅ ነው፤ እኔ ሲጮኽ ሰምቼ እሱን ላወጣ ነው የገባሁት። ሰው ሲደርስ መሪውን ይዤ አገኘኝ። ሌባ ተባልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ለሽማግሌ ቀረብኩ።»

«ተጠየቅክ ወይ በይው» አለ አባዬ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«አልተጠየቅኩም። ልናገር ስል ዝም በል ተባልኩ። በሰፈሩ ሰው ፊት ድንጋይ አንገቴ ላይ አሸክመው ይቅርታ በል አሉኝ። ባላጠፋሁት ጥፋት አልኩ። ከዚያ በኋላ ጨዋ መሆን ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነው ወንበዴ የሆንኩት።»

አነበብኩ እንጂ አልገባኝም። የምን ጀልባ? የምን ገደል? ሠረቀ የጌም ታሪክ እየፈጠረ መሰለኝ፤ እንዲያውም ጎበዝ ፈጣሪ ነው ብዬ ገረመኝ። አባዬ መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ግን አላደረገውም።

«ሜሪ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጀልባዋ ሦስት ጎማ ነበራት?»

«አባዬ፣ ጀልባ እኮ ጎማ የለውም።»

«ጠይቂው አልኩሽ!»

ጻፍኩ። ካፒቴን ድንጋይ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሙስአብና ሀዊም ተነሡ።  ከዚያ አንዲት ቃል መጣች።

«አዎ።»

ባጃጅ! ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ለካ የሚያወራው የጌም ታሪክ አይደለም።

«ፍርዱን ጻፊ» አለ አባዬ። ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ሳይጠይቅ የፈረደ ሽማግሌ በዳዩ እሱ ነው። ድንጋዩን ያሸከመው ሰው ይሸከመው።»

ጻፍኩና «ላክ» የሚለውን ስጫን መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ስክሪን በባትሪው ቀረ፤ ኢንተርኔቱ ግን ከመብራቱ ጋር ሄደ። ደሴቷ ባለችበት ደረቀች፤ ከሥር በቀይ «መልእክቱ አልተላከም» ይላል።

«ደረሰው?» አለ አባዬ።

«አልደረሰውም። እንዲህ ነው የእኛ መብራት!» ከጠረጴዛው ተነሥቼ ዞርኩበት። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«‹ድንጋይ› ብሎ ለራሱ ስም የሚያወጣ ሌላ ማን አለ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ባንዲራውን ያየሁ ቀን።»

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱን ስደባብቅ ከርሜያለሁ፤ ለካ እነሱ ሁሉንም ያውቃሉ፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ቀስ ብሎ ነገረኝ። ባጃጁ የአቶ ይርጉ ነበር፤ ከእኛ ቤት ማዶ የሚኖሩት። ጪጩ መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ሰርቆ የነዳው የይርጉ የእኅት ልጅ ሮጦ አመለጠ፤ ሊያወጣው የገባው ሠረቀ መሪው ላይ ተገኘ። ጉዳዩ ለሽማግሌ ሲቀርብ ሰብሳቢው አባዬ ነበር። «ለልጁ አደላ እንዳይሉኝ ፈራሁ» አለ። «ለሌላ ሰው ልጅ የማደርገውን ለእሱ አላደረግኩም። አልጠየቅኩትም። የበሩን ድንጋይ ራሴ አንሥቼ አንገቱ ላይ ጫንኩት።»

«ውሸት መሆኑንስ መቼ ዐወቅክ?»

«የይርጉ የእኅት ልጅ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ሠረቀ በሄደ በዓመቱ ይሆናል።»

«በዓመቱ! እና እስካሁን ዝም አልክ?» ጮህኩበት። አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ስንት በዓል አለፈ! እኔን ደህና ነው እያልክ ስትጠይቀኝ ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

«ሰው ሲጣላ ወደ እኔ ይመጣል» አለ። «እኔ ስሳሳት ወደ ማን ልሂድ? አላወቅኩበትም ሜሪ።»

«ታዲያ የዛሬው ሽምግልና ለምን አስፈለገ? ስልኩን አንሥተህ አትደውልለትም?»

«መጀመሪያ ልስማው ብዬ ነው። ያኔ አልሰማሁትም።»

 ንዴቴ ባለበት አለ፤ ግን ማን ላይ እንደማሳርፈው ጠፋኝ። ስልኬን አውጥቼ «እንካ፣ አሁኑኑ ንገረው» አልኩት። እጄን ገፋው።

«በስልክ ድንጋይ አይሸከሙም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ የቀሰቀሰኝ የቆርቆሮ በሩ ነው፤ ይንጓጓል። ስወጣ አባዬ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ማዳበሪያ ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል። «እባክህ፣ ሌላ አነስ ያለ እንፈልግ፤ ወገብህን!» ብለው «እሱን ያሸከምኩት ይሄን ነው» አለ። አግዤው አስገባን። መናኸሪያ እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ እግሮቹ መሐል ይዞት ሄደ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ማዳበሪያውን ሊያነሣ ሲል ከብዶት መለሰው። «አባባ፣ ምንድን ነው? እህል ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

ረዳቱ ሳቀ። «ፍስሐ ገነት ድንጋይ መች ጠፋ?»

«ይሄ የለም» አለው አባዬ። ረዳቱ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ወናጎን አልፈን፣ ይርጋጨፌ ላይ መኪና ቀይረን ደረስን። እኔ ሠረቀ ቢያባርረውስ፣ ሱቁን ዘግቶበት ቢገባስ፣ በገበያው ሰው ፊት ቢያዋርደውስ እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስፈራ ነበር።

ሱቁ ከመኪና መቆሚያው ፈንጠር ብሎ ነው። አባዬ ራቅ ብሎ ቆመና ድንጋዩን ከማዳበሪያው አስወጣኝ። «አንሺና አንገቴ ላይ አድርጊልኝ» አለ። እንቢ ልል አስቤ ፊቱን ሳይ አነሣሁት። ሲያርፍበት ተንገዳገደ፤ ልይዘው ስል «ተይ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይዞት መራመድ ጀመረ። በቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ከተቀመጡበት ተነሡ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። የዲላው ጋሽ ከፈለኝ፣ ስንቱን ድንጋይ ያሸከመው ሰውዬ፣ ዛሬ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ዕንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አፍሬ ነው አዝኜ ነው፣ እሱንም አላውቅም።

መጀመሪያ ያየን ሙስአብ ነው። በእጁ የያዘው ፍሬን ሸራ ወደቀ። «ሠረቀ» አለ ወደ ውስጥ፤ «ሠረቀ፣ ና ውጣ።»

ወንድሜ ወጣ፤ እጁ በግሪስ ጠቁሯል። አባቱን ሲያይ ባለበት ቆመ። አባዬ ቀና ማለት ስለማይችል የሚያየው የልጁን ጫማ ብቻ ነው።

«ካፒቴን» አለ። «ዋስህ ነኝ። በዳይህንም ይዤልህ መጥቻለሁ።»

ሠረቀ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሙስአብ አየ፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው አየ፤ ሕልም ነው ወይ የሚል ይመስላል።  የአባዬ እግር ሲንቀጠቀጥ አየና ዘሎ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አነሣው።

«አባዬ» አለ። «አባዬ፣ አንገትህ እኮ...»

«አልጠየቅኩህም» አለ አባዬ። ቀና ብሎ አየው። «ልጄ፣ ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ።»

ሠረቀ ድንጋዩን እንደታቀፈ አለቀሰ፤ እጁ ተይዞበት ዕንባውን መጥረግ አልቻለም። አባዬ በነጠላው ጠረገለት። ግሪሱና ዕንባው ነጠላውን አበላሸው፤ ማንም ግን አላሰበውም። ቆይቶ ሠረቀ ድንጋዩን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ዙሪያውን ቃኘ።

«የት ላስቀምጠው?»

«እዚህ አይቀመጥም» አለ አባዬ። «የበሩ ድንጋይ ነው፤ ቤት ነው የሚመለሰው። እኔ ግን መልሼ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም።»

ሠረቀ ወደ እኔ ዞረ። «በሩ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው» አልኩት። «ጠዋት ሲንጓጓ ነው ጥለነው የመጣነው።»

ድንጋዩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ያዘና ሙስአብን «ሱቁን ያዝልኝ» አለው።